ስለ ክትባትና ስለ ክታብ



ባለፈው ሳምንት በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የሚጠጣ ውሃን አፍልቶና አቀዝቅዞ ስለ መጠጣት ጥቂት ቃል ጽፈን ነበር። ዛሬ የምንጽፈውም ከዚያ የማያንስ ጕዳይ ነው፤ ይኸውም ሕፃናት በጊዜው ስለ መከተባቸው፥ ክትባቱም ያለ ጕዳት እንዲፈጸም ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ፥ ልጃቸውን ታቅፈው የሚመጡትንም ቤተ ሰቦች ስለ ማጽናናት ነው። ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን ከመጽሐፍ ያገኘነው ብቻ አይደለም፤ በገዛ ዘመዶቻችን ቤት የተነሣ ክርክር ነውና ከመጀመሪያው አንሥተን እንተርከዋለን።

ታናሽ ወንድማችን የሚኖረው በየካ፥ ሲግናል በሚባለው ሠፈር ነው። ባለቤቱ በጥር ወር ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኒቱ ከተወለደችበት ሆስፒታል ሳትወጣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ በክንዷ ተወጋች፤ የልጅነት ልምሻ መከላከያም በአፏ ጠብ ተደረገላት፤ ካርድም ተጽፎላት ወደ ቤቷ ገባች። በካርዱ ላይ ስድስት ሳምንት ሲሞላት ወደ ጤና ጣቢያ እንድትመለስ ቀኑ ተመልክቶ ነበር።

ቀኑ በቀረበ ጊዜ ግን ቤቱ በሁለት ተከፈለ። የወንድማችን አማት፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ባልቴት፥ «ሕፃኒቱ ሰማንያ ቀን ሳይሞላትና ክርስትና ሳትነሣ ከደጅ አትወጣም» አሉ። ሁለተኛም ምክንያት ጨመሩ፤ በተወለደች ጊዜ የተወጋችበት ቦታ አብጦ መግል ቋጥሮ ስለ ነበረ፥ «የፊተኛው መርፌ ቍስሉ ሳይድን ሌላ መርፌ እንዴት ይጨመርባታል?» ብለው ተቈጡ። ወንድማችን በፊናው «ይህ ያለማወቅ ነው» ብሎ መለሰላቸው፤ በዚህም ቃል እርሳቸው ተቀይመው ሁለት ቀን ያህል ከእርሱ ጋር ሳይነጋገሩ ቈዩ። በመጨረሻም እኛን አስጠርቶ «አንተ የፍርድ ቤት ሰው ነህ፤ ፍረደን» አለን።

እኛም የመለስንለት፥ ጸሐፊ ነን እንጂ ዳኛ አይደለንም፤ ዳኛም ብንሆን ያልተሰማ ተከራካሪ ባለበት ጕዳይ ላይ ፍርድ አይሰጥም፤ ስለዚህ እማማ ራሳቸው ወደ ጤና ጣቢያው ይምጡና ጥያቄያቸውን በገዛ አፋቸው ይጠይቁ፤ መልሱ ካላረካቸው ሕፃኒቱን ይዘን እንመለሳለን ብለን ነው። እርሳቸውም ጥቂት ካመነቱ በኋላ በዚህ ተስማሙ።

የቀኑን ክርክር በሚመለከት ግን አስቀድመን ያሰላነውን ሒሳብ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ይገባናል። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ከተነሣ፥ ከሁለት ቀን በኋላ ለክትባት ቢወጣ የሚከራከር የለም። ሴት ልጅ ግን የምትጠብቀው እስከ 80 ቀን ነው፤ 80 ቀንም ከ11 ሳምንት የሚያልፍ ስለ ሆነ የስድስተኛው ሳምንትና የዐሥረኛው ሳምንት ቀጠሮ ሁለቱም ያመልጧታል። እንግዲህ በአንድ ቤት ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድምና እኅት ሳሉ ወንድሟ በጊዜው ተከትቦ እኅቲቱ ወደ ኋላ ትቀራለች ማለት ነው። ትክትክ የሚባለው በሽታ ደግሞ አብዝቶ የሚገድለው በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ወራት ስለ ሆነ፥ እነዚያ የሚባክኑት ሳምንታት እንደ ቀላል የሚታዩ አይደሉም።

እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አድገናል፤ የአርባና የሰማንያ ቀንን ሥርዓት የምናቃልል አይደለንም። ነገር ግን ሥርዓቱ የጥምቀትና ወደ ቤተ ክርስቲያን የመግባት ሥርዓት ነው እንጂ ወደ ሐኪም ቤት እንዳይኬድ የተደነገገ ክልከላ አይደለም። ሕፃን ታሞ ለሞት ቢያሰጋ ቀኑ ሳይደርስ እንደሚጠመቅ ማንም ያውቃል። ሥርዓቱ ራሱ ስለ ሕፃን ነፍስ ሲል ቀኑን የሚያሳጥር ከሆነ፥ ስለ ሕፃን ሕይወት ሲባል ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ መሄድ የሚያስነቅፍ ሊሆን አይችልም።

በቀጠሮው ማለዳ አራታችን ሕፃኒቱን ይዘን ሄድን። ከእንጦጦ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ቀዝቃዛ ስለ ነበረ እማማ ሕፃኒቱን በሁለት ጋቢ ጠቅልለው ዓይኗ ብቻ እንዲታይ አድርገዋት ነበር፤ ባንገቷም ቀይ ቆዳ የለበሰ ትንሽ ክታብ አስረውላታል። በጤና ጣቢያው መተላለፊያ በረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ሃያ የሚያህሉ እናቶች ተቀምጠዋል። ከእነርሱም አንዳንዷ በሾላ ገበያ አትክልት የምትሸጥ፥ አንዳንዷ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ የምታወርድ፥ አንዳንዷም የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። በዚያ ወንበር ላይ የደረጃ ልዩነት የለም፤ ሁሉም በየተራቸው ይጠራሉ፤ ክትባቱም በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ዋጋ ይሰጣል።

ተራችን ደርሶ በገባን ጊዜ ነርሷ ወጣት ሴት ነበረች፤ ሁሉም «ሲስተር» እያሉ ይጠሯታል። አስቀድማ ያደረገችው ነገር መርፌ ማንሣት አልነበረም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ እማማን እጅ ነሣች፤ ወንበርም አቀረበችላቸው፤ ከዚያ በኋላ ካርዱን ተቀብላ አነበበች። የሕፃኒቱን ዕድሜ፥ የፊተኛውን ክትባት፥ ከዚያ ወዲህ የታየ ሕመም እንዳለና እንደሌለ፥ ጡት በደኅና ትጠባ እንደ ሆነም ጠየቀች። እናቲቱ መልሳ ሳትጨርስ እማማ ጣልቃ ገብተው፥ «ልጄ፥ እስቲ ይህን ክንዷን እይልኝ፤ እናንተ የወጋችሁት ነው፤ እስካሁን አልዳነም» አሏት።

ሲስተርም አልተቈጣችም፤ አልሳቀችም። ክንዱን ገልጣ በብርሃን ተመለከተችና እንዲህ አለች፤ «እማማ፥ ይህን በማየትዎ ደስ ብሎኛል። ልጅቱን የሚጠብቃት ሰው አለ ማለት ነው። ይህ ቍስል የተበላሸ መርፌ ያመጣው አይደለም፤ ክትባቱ መያዙን የሚያሳይ ነው። ከተወጋች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያብጣል፤ ጥቂት መግል ይቋጥራል፤ ከዚያም በራሱ ጊዜ ደርቆ ትንሽ ጠባሳ ይተዋል። እርስዎ ምንም አይቀቡበት፤ ቅቤም ቅጠልም አያድርጉበት፤ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ በልብስ አይታፈን። እብጠቱ በብብቷ ሥር እንደ ዕንቍላል ሆኖ ቢወጣ፥ ወይም ቍስሉ እየሰፋ ቢሄድ ግን ወዲያው ያምጡልኝ።»

እማማም ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ በኋላ «ዛሬስ ስንት መርፌ ነው?» አሉ። ሲስተርም «ሁለት መርፌና ሁለት የሚጠጣ» ብላ መለሰች። «በአንድ ቀን? ይህች እፍኝ የማትሞላ ልጅ?» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። ሲስተር በዚህ ጊዜ የያዘችውን አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እርሳቸው አቀረበችና «እማማ፥ የሚያስፈራዎት ምንድር ነው? ይንገሩኝ» አለቻቸው።

ለሠላሳ ዓመት በዘመድነት የምናውቃቸው እኒያ ባልቴት ከዚያ ቀደም ለማንም ያልነገሩትን ያን ጊዜ ተናገሩ። በወጣትነታቸው በአገር ቤት ሳሉ የበኵር ልጃቸው በኩፍኝ ሞቶባቸው ነበር። የሞተውም ከሰው መካከል ወጥቶ ነው፤ በዘመድ ሰርግ ላይ አዝለውት ውለው፥ ከዐሥር ቀን በኋላ ሰውነቱ ሁሉ ፈነዳ፤ በሳንባ ምች ታፍኖም አለፈ። «ከቤት ባላወጣው ኖሮ አይሞትም ነበር፤ ይህችን ሕፃን ከቤት የማላወጣት ስለዚህ ነው» አሉ። ወንድማችን ራሱን ዝቅ አደረገ፤ እኛም የምንለው ጠፋን። ሁለት ቀን «ያለማወቅ» እየተባለ የተነቀፈው ነገር ለካ የሐዘን ጥበቃ ኖሮአል።

ሲስተር ወዲያው አልመለሰችም። ጥቂት ከቈየች በኋላ «እማማ፥ ነፍሱን ይማረው፤ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። ያን ጊዜ በአገርዎ ይህ ክትባት አልነበረም። ልጅ ሁልጊዜ ተዘግቶበት ሊኖር አይችልም፤ በሽታው ደግሞ በእንግዳ ትንፋሽ ከቤት ድረስ ይመጣል። ዛሬ ግን ልጅቱን ከቤት ሳንወስን የምንጠብቅበት መንገድ አለን። የኩፍኙ ክትባት የሚሰጣት ዘጠኝ ወር ሲሞላት ነው፤ ያን ጊዜ እርስዎ ራስዎ ይዘዋት ይምጡ» አለቻቸው። እማማም በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠርገው «እንግዲያማ ውጊያት» አሉ።

ከዚህ በኋላ ሲስተር የሠራችውን ሥራ በየተራው እንጽፋለን፤ ምክንያቱም ልጅ የሚያስከትብ ሰው ሁሉ ምን እንደሚደረግ ቢያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ጕድለትም ቢያይ በትሕትና ሊጠይቅ ይችላል።

አስቀድማ እጇን በሳሙና ታጠበች። ከዚያም ክትባቱን ከበረዶ ጋር ከተቀመጠበት ዕቃ አወጣች። ክትባት ከሚሠራበት ቦታ ጀምሮ እስከ ሕፃኑ ጭን ድረስ በ2ና በ8 ዲግሪ መካከል ባለ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ ሙቀት ኀይሉን ያጠፋዋል፤ አንዳንዱንም በረዶ ሆኖ መርጋት እንደ ሙቀቱ ያበላሸዋል። በጠርሙሱ ላይ ክብና በክቡ ውስጥ አራት ማዕዘን ያለው ትንሽ ምልክት ተለጥፎአል፤ አራት ማዕዘኑ ከክቡ ይልቅ ነጭ ሆኖ ሲታይ ክትባቱ ደኅና ነው፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከጠቈረ ግን ሙቀት ስለ ነካው ይጣላል። ሲስተር ይህን ምልክትና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አንብባ ለእናቲቱ ደግሞ አሳየቻት። እንደ ኩፍኝና እንደ ሳንባ ነቀርሳ ክትባት ያሉት ዱቄት ሆነው ስለሚመጡ ከራሳቸው ፈሳሽ ጋር ይበጠበጣሉ፤ ከተበጠበጡም በኋላ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ወይም የክትባቱ ሥራ ሲያበቃ፥ ከሁለቱ በቀደመው ጊዜ የተረፈው ይጣላል። በጠርሙሱ ውስጥ ገና ክትባት ሳለ ሲጣል አይቶ «ብክነት ነው» የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህ ብክነት ሳይሆን የሕፃን ሕይወት ጥበቃ መሆኑን ይወቅ።

መርፌው ከታሸገበት ወረቀት በፊታችን ተቀደደ። ይህ ዓይነቱ መርፌ አንድ ጊዜ ከወጋ በኋላ ራሱን የሚቈልፍ ስለ ሆነ ሁለተኛ ሊሠራበት አይቻልም። ከተወጋም በኋላ ክዳኑ ሳይመለስበት በቀጥታ ወጋ በማያሳልፍ የካርቶን ሣጥን ውስጥ ተጣለ። በቀደመው ዘመን «መርፌ በሽታ ያስተላልፋል» ተብሎ የሚነገረው ስጋት በዚህ ዓይነት ተወግዶአል።

ሕፃኒቱን እናቷ በጭኗ ላይ አቀፈቻት። የሚጠጡት ሁለቱ፥ የልጅነት ልምሻና የተቅማጥ መከላከያ፥ በመጀመሪያ በአፏ ተሰጡ። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ጡት እያጠባቻት ሳለ መርፌዎቹ አንዱ በአንዱ ጭን ሌላው በሌላው ጭን ተወጉ። ሕፃን እየጠባ ቢወጋ ሕመሙ እንደሚቀንስለት ሐኪሞች ያረጋገጡት ነው። ሕፃኒቱም አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ሁለተኛም ጮኸች፤ ከዚያም ወደ ጡቷ ተመለሰች። ሲስተር እማማን «ክታቧን ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉልኝ» ብላ ልቧን አዳመጠች እንጂ ስለ ክታቡ ምንም የነቀፌታ ቃል አልተናገረችም።

በመጨረሻም አራት ነገር ነገረቻቸው፤ ዛሬ የተሰጣት ምን ምን እንደ ሆነና ከምን እንደሚጠብቃት፤ ሊከተል የሚችለው ቀላል ሕመም ምን እንደ ሆነና ምን እንደሚደረግለት፤ መቼ እንደሚመለሱ፤ ካርዱንም ጠብቀው እንዲያኖሩ። ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል በመተላለፊያው እንድንቀመጥ አዘዘችን፤ ምክንያቱም ከብዙ ሺህ ሕፃናት መካከል እጅግ አልፎ አልፎ አንዱ ወዲያው የሚያብጥና ትንፋሹ የሚያጥር ሊኖር ስለሚችል፥ ለዚያ የሚሆን መድኀኒት በቅርብ ተዘጋጅቶ ይጠበቃል።

በዚያ ሩብ ሰዓት እኛ የጸሐፊነት ነገር ሆኖብን ስለ አንድ ቃል እናሰላስል ነበር። በግእዝ «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው። «ክታብ»ም የተጻፈ ማለት ሲሆን በሕፃኒቱ አንገት ያለው ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። «ክትባት»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ የቀድሞ ሰዎች የፈንጣጣን መከላከያ በክንድ ቆዳ ላይ እንደ ጽሕፈት እየጫሩ ያኖሩት ነበርና። እንግዲህ እማማ ያሠሩት ክታብና ሲስተር የሰጠችው ክትባት በቋንቋችን ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱንም ያመጣቸው አንድ ሐሳብ፥ ይኸውም ይህች ልጅ አትሙትብን የሚለው የቤተ ሰብ ልመና ነው።

ከዚህም የተነሣ ክትባት ከባሕር ማዶ በድንገት የመጣ እንግዳ ነገር ነው ለማለት አይቻልም። አባቶቻችን ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቍስል ወስደው በጤነኛ ሰው ክንድ ይከትቡ ነበር፤ ከ200 ዓመት በፊት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስም ይህንን ልማድ አይቶ ጽፎታል። ነገር ግን ያ አሮጌ ክትባት የሚያስተላልፈው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለ ነበረ አንዳንዱን ሲያድን አንዳንዱን ይገድል፥ በሽታውንም ለጎረቤት ያዛምት ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1796 እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ቀላል ከሆነው ከላም ፈንጣጣ የተወሰደ ክትባት ሰውን ከከባዱ ፈንጣጣ እንደሚጠብቅ አሳየ። ይህም አዲስ ክትባት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በውጭ አገር ሐኪሞች እጅ ወደ አዲስ አበባ ገባ።

በጥር 1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ታላቅ ዘመቻ ተጀመረ። በዚያ በአውሮፓ አቈጣጠር 1971 ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ የሚበልጡ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ገደልና በረሃ እያቋረጡ፥ ክትባቱን አልቀበልም የሚለውንም በሽማግሌና በካህን እያስለመኑ መንደር ለመንደር ዞሩ። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ በጎረቤታችን በሶማሊያም በጥቅምት 1970 ዓ.ም. የመጨረሻው ታየ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር ገጽ መጥፋቱን አወጀ። ዛሬ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው ክንዱ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ የማይታየው ስለዚህ ነው፤ የሚከተብለት በሽታ አልቀረምና።

የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ነው። በመጀመሪያ ስድስት በሽታዎችን ይከላከል ነበር፤ እነዚህም የሳንባ ነቀርሳ፥ የልጅነት ልምሻ፥ ጕሮሮ የሚዘጋው ዘጊ አናዳ፥ ትክትክ፥ መንጋጋ ቈልፍና ኩፍኝ ናቸው። ከዚያ በኋላ በ1999 ዓ.ም. አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት ገባ፤ በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምችን፥ በ2006 ዓ.ም. ብርቱውን የሕፃናት ተቅማጥ የሚከላከሉት ተጨመሩ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት መሰጠት ጀመረ። የልጅነት ልምሻን በሚመለከት፥ የዱር ዝርያ የሚባለው ቫይረስ ከአፍሪቃ አህጉር መጥፋቱ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ተረጋግጦአል።

ክትባት እንዴት እንደሚሠራ ለሚጠይቀን ሰው ከመሥሪያ ቤታችን ምሳሌ እንሰጠዋለን። የአንድ ሌባ መልኩና ምልክቱ ተጽፎ ለዘበኞች ከታደለ፥ ሌባው ወደ ከተማ በገባ ጊዜ ገና ከበሩ ይያዛል፤ መልኩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ግን እስኪታወቅ ድረስ ቤቱን ዘርፎ ይሄዳል። ክትባት የበሽታውን መልክ ለሰውነታችን ዘበኞች አስቀድሞ የሚያሳይ ጽሕፈት ነው። የሚከተበውም ወይ የሞተ፥ ወይ እንዳይጎዳ ሆኖ የደከመ፥ ወይም ከበሽታው ተሐዋሲ የተወሰደ ክፍል ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የታየ መልክ ስለሚረሳ ብዙው ክትባት ተደጋግሞ ይሰጣል። ቀጠሮውም እንዲህ ነው፤ በተወለደ ጊዜ፥ በ6 ሳምንት፥ በ10 ሳምንት፥ በ14 ሳምንት፥ በ9 ወርና በ15 ወር።

የኩፍኝን ክትባት ሁለት ጊዜ መስጠት ያስፈለገው፥ በ9 ወሩ ከተከተቡት ከመቶው 85 ያህሉ ብቻ ስለሚጠበቁ ነው፤ ሁለተኛው የቀሩትን ይይዝላቸዋል። ኩፍኝ ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ የሚብስ ነው፤ ያልተከተቡ ዐሥር ሕፃናት ከአንድ ሕመምተኛ ጋር ቢውሉ ዘጠኙን ይይዛቸዋል። ስለዚህ እንዳይዛመት ለማድረግ ከመቶው 95 ያህል ሰው መጠበቅ አለበት። የአንዱ ቤት ቸልተኝነት ለጎረቤቱ ሕፃን ሞት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ክትባት በየቤቱ ከሚነገሩት ስሕተቶች ጥቂቱን ብቻ እናንሣ። ጉንፋን ወይም ቀላል ተቅማጥ የያዘው ልጅ መከተብ የለበትም ይባላል፤ ይህ ትክክል አይደለም፤ ቀላል ሕመም ክትባትን አያስቀርም፤ የሚወስነውም ነርሷ አይታ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ክትባት መስጠት የሕፃኑን ኀይል ያደክማል ይባላል፤ ይህም አይደለም፤ ሕፃን በየቀኑ በእጁና በአፉ ከሚያገኛቸው ተሐዋስያን ጋር ሲተያይ ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ቀጠሮ ያለፈው ልጅ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል ይባላል፤ ይህም ስሕተት ነው፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ በመጨረሻው እኛ ራሳችን በድለናል። የበኵር ልጃችን ሦስተኛውን ክትባት በጊዜው ሳያገኝ በመቅረቱ «እንግዲህ ተበላሽቶአል» ብለን አፍረን ወራት አሳለፍን፤ በኋላ ስንጠይቅ በዚያው ቀን ሰጥተው ሸኙን። ያሳፈረን ቀጠሮ ማሳለፋችን ሳይሆን አለመጠየቃችን ሊሆን ይገባው ነበር።

ከተከተበ በኋላ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ልጁ ጥቂት ቢያተኵስ፥ የተወጋበት ቦታ ቢቀላና ቢያብጥ፥ ቢነጫነጭም ሊያስደነግጥ አይገባም። ጡት ደጋግማችሁ ስጡት፤ ልብሱን አቅልሉለት፤ እብጠቱ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉለት፤ የትኩሳት መድኀኒት ስትሰጡም መጠኑን ከጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ ስጡ። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ደግሞ ከሳምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ በአንዳንድ ልጅ ይታያል፤ እርሱም በራሱ ይጠፋል። ነገር ግን ትኩሳቱ ካልበረደ፥ ልጁ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ካለቀሰ፥ ቢንቀጠቀጥ፥ ጡት እንቢ ቢል፥ ወይም ቢፈዝ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም አድርሱት።

አሁን ደግሞ ቃላችንን ወደ እናንተ፥ ሥልጣንና ቤት ወዳላችሁ አንባቢዎቻችን እንመልሳለን። የራሳችሁ ልጆች እንደ ተከተቡ እናምናለን። በቤታችሁ እንጀራ የምትጋግረውስ? በራችሁን የሚጠብቀው ሰው ልጅስ? በመሥሪያ ቤታችሁ የምታጸዳው እናትስ? እርሷ ለክትባት ግማሽ ቀን ስትቀር ደመወዟ የሚቈረጥ ከሆነ፥ ክትባቱ ያለ ዋጋ ይሰጣል ማለት ለእርሷ ትርጕም የለውም። በካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይከበርላት፤ ያለ ነቀፌታም ትሰናበት። ይህ ከእናንተ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን አንድ የፈቃድ ቃል ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያ የምታስተዳድሩም እንደዚያች ሲስተር ያሉትን አበርቱአቸው። የምትፈራ አያት ስትመጣ «ያለማወቅ ነው» ብሎ መዝለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የተዘለፈ ሰው ለሁለተኛው ቀጠሮ አይመለስም፤ ጎረቤቱንም ያስቀራል። ዳኛ ሳይሰማ እንደማይፈርድ፥ ከታቢም ሳይጠይቅ አይውጋ። «የሚያስፈራዎት ምንድር ነው?» የምትለው ቃል ጊዜ የምትወስደው ጥቂት ነው፤ የምታድነው ግን ብዙ ነው።

ያን ዕለት ማታ ሕፃኒቱ እንደ ተባለው አተኰሰች። ወንድማችን ደንግጦ ሊያስነሣን ሲል እማማ ናቸው የከለከሉት፤ «ሲስተር ነግራናለች፤ ይህ ያልፋል» ብለው ሌሊቱን እርጥብ ጨርቅ እየለዋወጡ አደሩ፤ ሲነጋም ትኩሳቱ ለቀቃት። ካርዱንም ከወንድማችን እጅ ተቀብለው በዳዊታቸው ቅጠል መካከል አኖሩት። በሰባኛው ቀን ለሁለተኛው ክትባት ሕፃኒቱን አዝለው የሄዱት እርሳቸው ነበሩ፤ ማንም አላስታወሳቸውም። ከዐሥር ቀን በኋላ በየካ ሚካኤል ክርስትና በተነሣች ጊዜም ባንገቷ ክታቧ ነበረ፤ በክንዷ ላይ ደግሞ ቍስሉ ደርቆ ትንሽ ጠባሳ ሆኖ ነበር። ወንድማችንና አማቱም በዚያ ቀን ከአንድ መሶብ በሉ።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንደሚባለው ነው። ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ የቤታችሁን ሕፃናት ካርድ አውጥታችሁ የተጻፈውን ቀን እንድትመለከቱ እንለምናለን። በሚመጣው ሳምንት፥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፥ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ከጡት ጋር ስለሚሰጠው ምግብ እንጽፋለን።